ፖስታው አይጣልም (ከስካን ክፍል የገጠመኝ)

ቨርጂኒያ ውስጥ የድሮ ወረቀት ስካን የሚያደርግ አንድ ድርጅት ውስጥ በኮንትራት ስሰራ የገጠመኝን ላውጋችሁ፣ የድርጅቱ ስም ይቆየን። ሥራው ቀላል ነው፣ ሰዎች የቅድመ አያቶቻቸውን ወረቀት በካርቶን ያመጣሉ፣ እኛ አንድ በአንድ ስካን እናደርግና ማን እንደጻፈው፣ ለማን እንደተጻፈ፣ ቀኑ መቼ እንደሆነ ሲስተም ላይ እንሞላለን። ሂሳቡ በገጽ ነው። ይቺን በገጽ የምትለዋን ያዙልኝ፣ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከሷ ነው።

እዚህ አካባቢ ያላችሁ ታውቃላችሁ፣ ቨርጂኒያ ማለት ከ1861 እስከ 1865 አሜሪካኖች ሰሜንና ደቡብ ሆነው እርስ በርስ ከተላለቁባቸው ቦታዎች ዋናው ነው፣ በአይ 95 ወደ ሪችመንድ ስትነዱ ቡና ገዝታችሁ የምታልፏት ፍሬደሪክስበርግ ራሷ የጦር ሜዳ ነበረች። ስለዚህ ከሚመጣልን ካርቶን ብዙው የዛ ጦርነት ደብዳቤ ነው። መጀመሪያ የገረመኝ የወረቀቱ ጥንካሬ ነበር፣ የ1862 ደብዳቤ ከ1920ዎቹ ጋዜጣ በብዙ እጅ ይሻላል፣ ለምን ቢባል የዛን ጊዜ የደብዳቤ ወረቀት በአብዛኛው ከአሮጌ ጨርቅ ነበር የሚሰራው፣ ከእንጨት የሚሰራው ቶሎ የሚፈረፈረው ወረቀት በብዛት የመጣው በኋላ ነው። አስቸጋሪው ቀለሙ ነው። ከብረት ጨውና ኦክ ዛፍ ላይ ከሚወጣ እባጭ የተቀመመ ስለሆነ ሲቆይ ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ አንዳንዴ ወረቀቱን ይበላዋል፣ አጠገቡ ባለው ወረቀት ላይም ጥላውን ጥሎ ያልፋል። (በነገራችን ላይ ፊልም ላይ እንደምታዩት ነጭ ጓንት አናደርግም፣ ታጥቦ የደረቀ እጅ ይሻላል፣ ጓንት ያደረገ ጣት ወረቀቱን መያዙን እንኳን አያውቅም፣ ይቀደዋል።)

እና አንድ ቀን የአንድ የሰሜን ወታደር ካርቶን መጣ። ደብዳቤዎቹ ለብቻ፣ ፖስታዎቹ ለብቻ በገመድ ታስረው። ለካ ከቤተሰቡ አንድ አጎት ቴምብር ሰብሳቢ ነበሩና ደብዳቤውን ሁሉ ከፖስታው አውጥተው፣ ቴምብሩን በመቀስ ቆርጠው ቆርጠው ሸጠውታል። ሱፐርቫይዘራችን የፖስታውን እስር አየት አደረገና ‹ባዶ ናቸው፣ ክላየንቱ የሚከፍለው ለደብዳቤ ነው፣ ተዋቸው› ብሎ ወደ ጥግ ገፋው።

ከኔ ጋር የሚሰሩ አንድ ጋሼ አሉ፣ አገር ቤት እያሉ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው ያረጁት። እዚህ እንደኔው ስካነር ላይ ነው የተቀመጡት፣ ሲናገሩም ቀስ ብለው ነው። ‹አንተ ልጅ› አሉኝ፣ ‹ፖስታ አይጣልም። ማህተሙ ያለው የት ላይ መሰለህ?›

እኔ እንኳን ገባ አላለኝም ነበር፣ አንዷ ደብዳቤ እስክትመጣ ድረስ። አናቷ ላይ ያለው ‹ካምፕ፣ እሁድ 14› ብቻ ነው። ወር የለ፣ ዓመት የለ፣ ቦታ የለ። ሰውየው ለሚስቱ ነው የሚጽፈው፣ ከትናንቱ ተርፌአለሁ፣ አልቆሰልኩም፣ ከሰፈራችን ልጆች ግን ብዙዎቹ የሉም፣ ማን ማን እንደሞተ ለእናቶቻቸው አንቺ እንዳትነግሪ፣ አዛዡ ይጻፍላቸው፣ ፈረሷን አትሽጪ። አለቀ።

ቤተሰቡ ቅድመ አያታችን አንቲየተም ላይ ነበር ብሎ አስመዝግቧል። አንቲየተም ሴፕቴምበር 17፣ 1862 ሜሪላንድ ውስጥ የተደረገው ውጊያ ነው። ከሱ ሶስት ቀን በፊት ሴፕቴምበር 14 በርግጥም እሁድ ነበር፣ ሳውዝ ማውንቴን ላይም ውጊያ ተደርጓል። ሱፐርቫይዘሩ በአንድ ደቂቃ ሴፕቴምበር 14፣ 1862 ብሎ ሞላው። እውነት ለመናገር ለማንም ያሳምናል። ጋሼ ግን ‹ትናንት እኮ ነው የሚለው› አሉ፣ ‹ውጊያው እሁዱን ከሆነ ይሄ ሰውዬ የተረፈው ከየትኛው ትናንት ነው?› ሱፐርቫይዘሩ ሲነገረው ቅዳሜም ቢሆን ግጭት አይጠፋም ብሎ አለፈው፣ ገጽ መቁጠር ነበረበት።

ምሳ ሰዓት ላይ ጋሼ ሳንድዊቻቸውን ትተው፣ እጃቸውን ታጥበው መጡና እስሩን ፈቱት። ፖስታዎቹን አንድ በአንድ እያነሱ ከደብዳቤዋ እጥፋት ጋር ያስተያያሉ፣ ልኩ አልገጥም ያለውን ወደ ጎን። በመጨረሻ አንዱ ላይ ቆሙ። ትንሽዬ፣ ጠርዟ የሻገተ፣ ቴምብር የሌላት፣ ጥጓ ላይ በእጅ ‹የወታደር ደብዳቤ› ተብሎ የተጻፈባትና ‹የ3 ሳንቲም ዕዳ› የሚል የተመታባት። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ከ1861 ጀምሮ የሰሜን ወታደር ቴምብር ባይኖረውም እንደዛ ጽፎ መላክ ይፈቀድለት ነበር፣ ሂሳቡን የሚከፍለው ተቀባዩ ነው። ሚስትየዋ ነች የከፈለችው ማለት ነው።

ፖስታዋን ከፈት አድርገን በባትሪ ስናያት ውስጧ ላይ ቡናማ ጥላ አለ፣ ፊደሉ የተገለበጠ። በስልኬ ፎቶ አንስቼ ምስሉን ሳገላብጠው ‹ፈረሷን አትሽጪ› የምትለዋ የመጨረሻ መስመር ከነፊርማው ቁጭ! ቀለሙ 160 ምናምን ዓመት ሙሉ የራሱን ኮፒ አስቀምጦ ነበር ማለት ነው። ጋሼ እንኳን ፈገግ ብለው ‹በል ማህተሙን አንብብ› አሉኝ።

ማህተሙ ዋሽንግተን፣ ዲሴምበር 17 ይላል። ዓመት የለውም፣ የዛን ጊዜ ማህተም ብዙውን ጊዜ ዓመት የለውም። ግን አሁን ወሩን አገኘን ማለት ነው፣ ዲሴምበር 14 እሁድ የዋለበትን ዓመት መፈለግ ብቻ ነው የቀረው። 1861 ቅዳሜ ነው። 1863 ሰኞ። 1864 ረቡዕ። እሁድ የዋለው 1862 ብቻ ነው። ያ ‹ትናንት› ታዲያ ቅዳሜ ዲሴምበር 13 ነው፣ ፍሬደሪክስበርግ፣ ማሪስ ሃይትስ የሚባለው ኮረብታ ስር ካለው የድንጋይ አጥር ፊት ለፊት የሰሜን ጦር በየተራ እየሮጠ የተጨፈጨፈበት። በዛ ውጊያ ሰሜኖቹ በሞት፣ በቁስልና በመጥፋት ከ12 ሺህ ሰው በላይ ነው ያጡት። ከሰፈራችን ልጆች ብዙዎቹ የሉም ያለው ያንን ነው። ስንት ጊዜ ያለፍኩበት መንገድ ዳር!

ሱፐርቫይዘሩ መጀመሪያ ሰዓት ባከነ ብሎ ተነጫነጨ፣ በኋላ ግን ክላየንቱን ደውሎ ሲያስረዳቸው ፖስታዎቹም ይግቡ፣ እንከፍላለን አሉ። ሴፕቴምበር የሚለው ተሰርዞ ዲሴምበር ተብሎ ተሞላ፣ ፖስታዋም ከደብዳቤዋ ጋር አንድ ፎልደር ገባች።

ከዛ ወዲህ እኔም እንደ ጋሼ ሆኛለሁ፣ ደብዳቤ ሳገኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ከምን ጋር ነበር ብዬ ነው። ስፖትስዉድ ራይስ የሚባል ጥቁር ወታደር አለ፣ በሴፕቴምበር 1864 ሴንት ሉዊስ ሆስፒታል ተኝቶ በባርነት ተይዘው ለቀሩት ሴት ልጆቹ ነፍሴን ቢያስከፍለኝም መጥቼ እወስዳችኋለሁ ብሎ ጻፈ፣ ሜሪ የምትባለዋን ልጁን ለያዘቻት ሴትዮም እየመጣሁልሽ ነው የሚል ዛቻ ላከላት። እነዚህ ደብዳቤዎች ዛሬ የምናነባቸው ማን አስቀምጧቸው ይመስላችኋል? የዛው የባሪያ አሳዳሪ ቤተሰብ ሰው፣ የከተማው ፖስታ ቤት ሹም፣ ይሄን ወታደር ከክፍለ ሀገሩ አስወጡልኝ ብሎ ለአካባቢው የሰሜን ጦር አዛዥ ለጄኔራል ሮዝክራንስ አቤት ሲል አባሪ አድርጎ ስለላካቸው ነው። የክሱ አባሪ ሆነው የመንግስት ማህደር ውስጥ ገቡ፣ ቀሩ። አንድ ሰው ቆንጆ ቆንጆውን መርጦ ሸኚ ደብዳቤውን ቢጥለው ኖሮ ይሄ ታሪክ ግማሹ የለም። የሟች ወታደሮች የጡረታ ፋይሎችም እንደዛው ናቸው፣ ባሏ የሞተባት ሴት ሚስቱ መሆኗን ለማስረዳት የፍቅር ደብዳቤዋን ሳይቀር ለጡረታ ቢሮ ታስገባ ነበር፣ ሳይመለስላት እዛው ማህደር ውስጥ የቀረውም ብዙ ነው። ለተራ ወታደር ሚስት በወር 8 ዶላር ነበር፣ ለሱ ሲባል ነው።

ዲሲ ሰቨንዝ ስትሪት ላይ ያለውንም ሄዳችሁ እዩት፣ በጦርነቱ ቁስለኛ ስትረዳ የነበረችው ክላራ ባርተን የጠፉ ወታደሮችን ታፈላልግበት የነበረ ቢሮ ነው፣ ከ63 ሺህ በላይ ደብዳቤ መጥቶላት የ22 ሺህ ሰው መጨረሻ አሳውቃለች። ህንጻው ሊፈርስ ሲል በ1996 ሊፈትሽ የገባ የመንግስት አናጺ ነው ጣሪያ ስር ወረቀቶቿን ያገኘው። ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈውም ፖስታ ላይ ነው አሉ። ይሄን ለጋሼ ስነግራቸው ‹አላልኩህም› ብቻ አሉ።

የኛን ካርቶን ስንጨርስ ግን ያናደደኝ ነገር፣ ያቺ ፖስታ የተረፈችው ቴምብር ስላልነበራት ነው፣ ወታደሩ የሚለጥፈው አጥቶ ስለነበር አጎትየው የሚቆርጡት ነገር አላገኙም። ገንዘብ ኖሮት ሮዝ ቀለም ያላትን ባለ 3 ሳንቲሟን ቴምብር የለጠፈባቸው ግን ሁሉም ጥጋቸው ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለባቸው፣ ማህተሙም ግማሹ አብሮ ሄዷል። አንዷ ላይ የቀረው የቁጥሩ ጭራ ነው፣ 3 ትሁን 8 ተከራክረን ተከራክረን አልተግባባንም። ‹ቀኑ ያልታወቀ› ብለን ሞልተን ወደሚቀጥለው ካርቶን አለፍን።