የማልነፋው ድምፅ

አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ጥቅምት ሲያልቅ የወንድ አጋዘን ጠባይ ይለወጣል። ዓመቱን ሙሉ ከሰው ዓይን ሲሸሽ የከረመው እንስሳ በጠራራ ፀሐይ መንገድ ያቋርጣል። አንገቱ ይደነድናል። መብላቱን ችላ ይላል። ብርዱ ያመጣበት ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን የቀኑ ማጠር ነው። ብርሃኑ ሲቀንስ የስሪያ ወቅቱ ይገባል። እንስቷ ወንድ የምትፈልገው ለአንድ ቀን ያህል ብቻ ነው። ያ ቀን ካለፋት እንደገና እስክትፈልግ 28 ቀን ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ወንዱ ሌት ተቀን ይዞራል፣ ያሸታል፣ ያዳምጣል። አዳኝ በድምፅ ሲጠራው የሚመጣውም ለዚህ ነው። ጆሮው አስቀድሞ ሲጠብቀው የነበረ ድምፅ ነዋ።

እኔ የደቡብ ወሎ ልጅ ነኝ፤ ቦረና ከብት ስጠብቅ ነው ያደግሁት። አደን የተማርኩት ግን በስደት አገር ነው። አብረውኝ ፈረቃ የሚሠሩ አንድ አዛውንት አስተማሩኝ። በሚኒሶታ ሕግ ከ1979 እ.ኤ.አ. በኋላ የተወለደ ሰው በጠመንጃ ለማደን ፈቃድ ሲያወጣ የመሣሪያ ደህንነት ትምህርት መጨረስ አለበት። እሱን ጨርሼ ከእሳቸው ጋር ጫካ ገባሁ። ሳይነጋ ዛፍ ላይ በታሰረች ወንበር መቀመጥ፣ እጅና እግር እስኪደነዝዝ ዝም ማለት፣ ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር ልብ ሲመታ መስማት። ከሥራና ከቢል ውጭ ሌላ ሕይወት እንዳለኝ የተሰማኝ እዚያ ነው።

አገር ቤት ስገባ አጋዘን የምጠራባትን መሣሪያ፣ ጥሪዋን፣ ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ። አጎቴ ቤት ቡና ተፈልቷል፤ ጎረቤት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተሰብስቧል። አጎቴ "እዛ አገር ምን ታድናለህ?" አሉኝ። "ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ያዳምጧት" ብዬ ነፋሁላቸው።

አንድ ስንዝር የምታህል የፕላስቲክ ቱቦ ናት። እዛ "ግራንት ኮል" ይሏታል። ውስጧ ስስ ምላስ አለች፤ ሲነፏት ትንቀጠቀጥና ወፍራም፣ አጭር የጉሮሮ ድምፅ ታወጣለች። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። አጎቴ አልሳቁም። "ይሄ የወንድ ነው" አሉ። ልክ ናቸው። ወንዱ እንስቷን እየተከተለ ሲሄድ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ሌላው ወንድ ሲሰማው "ማን ነው እዚህ ሰፈሬ የገባው?" ብሎ ይመጣል።

ሌሎቹንም ነገርኳቸው። ጣሳ የምትመስል ትንሽ ነገር አለች፤ ስትገለብጣት ራሷ የእንስቷን ድምፅ ታሰማለች። ደግሞ በአፍንጫ እንደ ማስነጠስ ተጀምሮ ረጅም ፉጨት የሚሆን የቁጣ ድምፅ አለ። እሱን የሚያሰማው ጉልበተኛው ወንድ ነው፤ ወጣት ወንዶች ሲሰሙት ይሸሻሉ። ስለዚህ ያለ ቦታው ከነፋኸው ጫካውን ባዶ ታደርገዋለህ።

ከሁሉ ያስገረማቸው ግን የቀንዱ ነገር ነው። አዳኙ ሁለት ቀንድ ይዞ እርስ በርስ ያጋጫል፤ ቅርንጫፍ ይሰብራል፣ መሬቱን ይጭራል። ሁለት ወንዶች የሚጣሉ ያስመስላል። አጎቴ "ቀንዱን ከየት አመጣኸው? ገድለህ ነው?" አሉ። ከመሬት ይለቀማል አልኳቸው። የነሱ አጋዘን በየዓመቱ ክረምታቸው ላይ ቀንዱን ይጥላል፤ በጸደይ አዲስ ያበቅላል። አጎቴ እንደ ውሸታም አዩኝ። አልፈርድባቸውም። የኛ ድኩላ፣ ሚዳቋና ሰስ የበቀለላቸውን ቀንድ እስኪሞቱ ይዘውት ነው የሚኖሩት። ዘራቸውም ከዚያኛው የተለየ ነው።

ከዚያ አጎቴ አንድ ጥያቄ ጠየቁ። እዛ አገር ብዙ አዲስ አዳኝ ዘግይቶ የሚጠይቀውን ጥያቄ። "ነፋሱስ?"

በልጅነታቸው ቆቅ ያጠምዱ የነበሩ ሰው ናቸው። ጠመንጃውን አልጠየቁም፤ የጥሪዋን ዋጋም አልጠየቁም። እውነትም የጥሪ አደን ግማሹ የነፋስ ነገር ነው። የተጠራ ወንድ በቀጥታ አይመጣም። ዞሮ ነፋሱ ካንተ ወደሱ በሚነፍስበት በኩል ይገባል፤ ጆሮው የነገረውን አፍንጫው እንዲያረጋግጥለት። ስለዚህ ከጀርባህ በነፋሱ በኩል ገላጣ ሜዳ ወይም ውሃ ያለበትን ቦታ መርጠህ መቀመጥ አለብህ። በዚያ በኩል ሊዞር ሲል ገና ሳያሸትህ ታየዋለህ። ካሸተተህ አለቀ። በእግሩ መሬቱን ይመታል፣ በአፍንጫው ያናፋል፣ ነጭ ጭራውን እንደ ባንዲራ አቁሞ ይጠፋል። በዙሪያው ያለ አጋዘን ሁሉ ይሰማዋል።

"ብዙ ጊዜ ትነፋለህ?" አሉኝ ቀጥለው። ትንሽ ነው። እየራቀ ሲሄድ ካየሁት አንድ ሁለቴ እነፋለሁ። ጆሮውን ካቀና ሰምቷል ማለት ነው፤ አቆማለሁ። ወደኔ እየመጣ ከሆነ ጨርሶ አልነፋም። ወደኔ እያየ ከነፋሁ ድምፁ የመጣበትን ዛፍ ለይቶ ያውቃል። እዛ ያየኋቸው አንዳንድ ወጣቶች ጥሪውን እንደ መኪና ክላክስ ነው የሚጠቀሙበት። ያናድደኛል። ጫካ ውስጥ ያለው እንስሳ ራሱ ድምፅ የሚያሰማው ጥቂት ነው።

የአጎቴ ልጅ ጎረምሳ ነው። "ነገ ደንቆሮ ጫካ ሄደን እንሞክራት!" አለ። ደንቆሮ ጫካ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ቦታ ነው። የምኒልክ ድኩላም አለበት፤ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የትም የማይገኘው፣ ወንዱ ጠቆር ያለ ድኩላ። እዚያ አደን ክልክል ነው፤ መከልከሉም ልክ ነው። የተረፈን ጥቂት ነው። ሚኒሶታ ውስጥ ማደን የምችለው ተቆጥሮ፣ ፈቃድ ተሰጥቶ፣ ወቅት ተወስኖ ስለሆነ ነው። ይህን ለልጁ በደንብ አስረዳሁት። ደግሞ ጥሪዋ ለድኩላ ትርጉም የላትም። ድኩላ ሲደነግጥ እንደ ውሻ ነው የሚጮኸው። አጎቴ በጉሮሯቸው አሰሙን፤ በረንዳው ላይ የተኛው ውሻ ብድግ አለ።

እስከዚያ ድረስ የአጎቴ ባለቤት ዝም ብለው ቡናውን ይቀዱ ነበር። ሁለተኛውን ስኒ ሲያቀብሉኝ "የግልገሏንስ ድምፅ ትሠራላችሁ?" አሉኝ።

ይሠራል። የተጨነቀች ግልገል ጩኸት የሚያወጣ ጥሪ ይሸጣል። እናቲቱ ስትሰማው ነፋስም አታጣራም፣ አትዞርም። በቀጥታ እየሮጠች ትመጣለች። የራሷ ልጅ ባይሆንም ትመጣለች። ግልገል የሚወለደው ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ስለሆነ በመስከረም ገና ትናንሽ ናቸው፤ በቀስት የሚያድኑ አንዳንዶች ያኔ ይጠቀሙበታል። እኔ ገዝቼው አላውቅም፣ ነፍቼውም አላውቅም።

እሳቸው ጥጃዋ ስለሞተባት ላም አወሩ። እኛ ዘንድ የሞተውን ጥጃ ቆዳ ገለባ ጠቅጥቀው፣ ጨው ነስንሰው ፊቷ ያቆሙላታል። እየላሰች ወተቷን ትለቃለች። "እኛም እናታልላታለን" አሉ። "ግን ጨው እናስልሳታለን። ለልጆቻችን ወተት ብለን ነው። በልጇ ጠርተን አናርዳትም።"

ከዚያ በኋላ ብዙ አሰብኩበት። ለሚሞተው እንስሳ ምን ልዩነት አለው የሚል ሰው ይኖራል። ክርክሩን አልንቅም። ለኔ ግን ልዩነት አለው። ወንዱ የሚመጣው ሊጣላ ወይም ሊጋባ ነው፤ እየተጠራጠረ፣ እያሸተተ፣ የማምለጥ ዕድሉን ይዞ። እናቲቱ የምትመጣው ግልገል ከአደጋ ልታተርፍ ነው፤ ጥንቃቄዋን ጥላ። ያን ድምፅ ነፍቼ ማነጣጠር አልችልም። ጓደኞቼንም እንዳይነፉት እለምናለሁ።

በዚህ ወቅት ልትጀምሩ የምታስቡ ወገኖች አንድ ነገር አደራ። ጥሪ የሚጠራው አጋዘንን ብቻ አይደለም። ቀንድ ስታጋጩ ሌላ አዳኝ እውነተኛ መስሎት ድምፁን ተከትሎ ሊመጣ ይችላል። በጠመንጃ ወቅት ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ኮፍያና ጃኬት መልበስ በሚኒሶታ ግዴታ ነው። አጋዘን ብርቱካናማውን እንደ ሰው ደምቆ አያየውም፤ ስለዚህ ምንም አይጎድልባችሁም። ለመሬት ቅርብ ተቀምጣችሁ ቀንድ አታጋጩ። ጀርባችሁን ለሰፊ ግንድ ስጡ። ሰው ሲመጣ ካያችሁ እጃችሁን ከማወዛወዝ ይልቅ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ።

ሥጋውን በሚመለከት፣ አጋዘን ያመሰኳል፣ ሰኮናውም ስንጥቅ ነው፤ ለኛ ለክርስቲያኖቹ ችግር የለውም። አብሮኝ የሚያድነው ጓደኛዬ የኮምቦልቻ ልጅ፣ ሙስሊም ነው። ቢስሚላህ ብሎ ነው የሚተኩሰው። እሱ የገደለውን እሱ ይበላል፣ እኔ የገደልኩትን እኔ፤ በሁለት ድስት ሠርተን አንድ ጠረጴዛ ላይ እንቀመጣለን። ሥጋው ስብ ስለሌለው ጥብሱ ቅቤ ይፈልጋል። ቁርጥና ጥሬ ክትፎ ግን አይሞከርም፤ የዱር ሥጋ በደንብ መብሰል አለበት። አጋዘንን የሚያከሳ የአንጎል በሽታ ባለባቸው አካባቢዎች ካደናችሁ ደግሞ ናሙና አስመርምሩ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ሥጋውን ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት።

የጠመንጃው ወቅት የሚከፈተው በፈረንጆቹ ኖቬምበር መጀመሪያ፣ ቅዳሜ ቀን ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ ለጥብሱ ሁለት ሳምንት ያህል አላችሁ።