የግማሽ ጀሪካን ወተት

በኅዳር ወር ደብረ ብርሃን ዙሪያ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የወተት መረከቢያ ስሠራ በማለዳ የሚመጣውን ወተት መርምሬ የምቀበለው እኔ ነበርኩ። የወተትን እፍግታ የሚለካውን ላክቶሜትር ወተቱ ላይ አንሳፍፌ አነባለሁ፤ ከእያንዳንዱ አቅራቢ ናሙና ቀድቼ የቅባቱን መጠን እለካለሁ። ክፍያው የሚሰላው በቅባቱ ልክ ስለሆነ የብዙ ቤት እንጀራ በእጄ ነበር ማለት ይቻላል።

ከበሬሳ ወንዝ ማዶ አህያቸውን እየነዱ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ድንጋያማ መንገድ ተጉዘው የሚመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ባለ አሥር ሊትር ጀሪካናቸው ሁልጊዜ እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ የወተታቸው ቅባትም ከ4 በመቶ ወርዶ አያውቅም። አንድ ቀን ግን አምስት ሊትር ብቻ ይዘው መጡ። ቅባቱን ብለካው 2.6 በመቶ ሆነ። የላክቶሜትሩ ንባብ ደግሞ ከወትሮው 30 ወደ 32 ከፍ ብሏል። ውሃ ተጨምሮበት ቢሆን ኖሮ ንባቡ መውረድ ነበረበት። ቅባት ከውሃ ይቀላልና ንባቡ ከፍ የሚለው ቅባት ሲጎድል ነው። የተማርኩት ይህንኑ ስለሆነ አልተጠራጠርኩም።

«እማማ፣ ስልባቦቱን ገፈው ነው ያመጡት» አልኳቸው፤ ሰው ተሰልፎ እየሰማ።

«ልጄ፣ በጾም ቅቤ ምን ይሠራልኛል?» አሉኝ። የነቢያት ጾም ከገባ ሳምንት አልሞላውም ነበር።

«ለገና ያስቀምጡት ይሆናል።»

መልስ አልሰጡኝም። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ባዶውን ጀሪካን አህያዋ ላይ አስረው ሄዱ። በማግስቱም በሦስተኛውም ቀን ውጤቱ ያው ሆነ፤ ሂሳባቸውም ተቀነሰ።

በአራተኛው ቀን ማጥለያ ጨርቆቹን የምታጥበው ባልደረባዬ ጠራችኝ። የእሳቸው ወተት በተጠለለበት ጨርቅ እጥፋት ውስጥ ጤፍ የሚያካክሉ ቢጫ ፍሬዎች ተጣብቀዋል። አንዷን በሁለት ጣቶቼ መካከል ፈጨኋት፤ ቀልጣ ጣቴን አወዛችው። ቅቤ ነበር። እሳቸው ገና አህያቸውን እየጫኑ ስለነበር ሮጬ ጀሪካኑን ተቀበልኳቸውና የክዳኑን ውስጥ ዳበስኩት። ዙሪያውን ቅቤ ለብሷል። ናሙና የምቀዳው ወተቱ ከተጠለለ በኋላ ነውና ቅቤው ጨርቁ ላይ ሲቀር እኔ የምለካው ወደ አሬራ የተጠጋውን ወተት ነበር። ቁጥሩ ትክክል ነው። ምክንያቱን ሰው ላይ የለጠፍኩት ግን እኔ ነኝ።

«ጀሪካኑ ለምን ጎደለ?» ብዬ ጠየቅኳቸው፤ በመጀመሪያው ቀን ልጠይቃቸው ይገባኝ ነበር።

«አንደኛዋ ላሜ ነጠፈች።»

ነገሩ ያኔ ተገለጠልኝ። የውሃ ሞለኪውል አንዱ ወገኑ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ ጠባይ ስላለው ውሃ እርስ በርሱ አጥብቆ ይሳሳባል። ዘይት ይህ ጠባይ የለውም፤ ስለዚህ የፈለገውን ያህል ብንመታው ውሃው ተሰባስቦ ገለል ያደርገዋል። አረቄ ላይ ውሃ ሲጨመር ግን ምንም መስመር ሳይታይ አንድ ይሆናሉ፤ አልኮል ከውሃ ጋር የሚያያዝበት ጫፍ አለውና። ወተት 87 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው፤ ሆኖም ቅባቱን በሆዱ ይዞ ይኖራል። የሚችለውም ቅባቱ በዓይን በማይታዩ እንክብሎች ስለተበተነ ነው፤ አብዛኞቹ ስፋታቸው የአንድ ሚሊሜትር ጥቂት ሺህኛ ነው። እያንዳንዱ እንክብል በፕሮቲንና ፎስፎሊፒድ በሚባል የቅባት ዓይነት ስስ ሽፋን ተጠቅልሏል። የሽፋኑ አንደኛው ወገን ከቅባት፣ ሌላኛው ከውሃ ጋር ይስማማል። እንዲህ ያለው ድብልቅ ኢመልሽን ይባላል፤ ማዮኔዝ ውስጥ ዘይቱንና ኮምጣጤውን አስማምቶ የሚይዘውም የእንቁላል አስኳል ነው።

ወተት ሲያድር ስልባቦቱ ከላይ ይንሳፈፋል፤ እንክብሎቹ ግን ሽፋናቸው አልተነካምና ቢያማስሉት ይመለሳል። ቅቤ ከሆነ በኋላ ግን መመለሻ የለውም። ጀሪካኑ ሙሉ ሲሆን ወተቱ የሚናወጥበት ቦታ አያገኝም። ግማሽ ሲሆን አህያዋ በረገጠች ቁጥር ከአየር ጋር ይንቦጫረቃል፣ አረፋ ይሠራል፤ እንክብሎቹም አረፋው ላይ ተሰብስበው ይጋጫሉ። ሙቀቱም ይወስናል። ቅባቱ ፈጽሞ ከጠጠረ አይጣበቅም፣ ፈጽሞ ከቀለጠም ቅቤ አይወጣም። ከፊሉ ረግቶ ከፊሉ ፈሳሽ ሲሆን ግን የረጋው እንደ መርፌ የጎረቤቱን ሽፋን ይወጋል፣ ፈሳሹም ያጣብቃቸዋል። እናቶቻችን በብርድ ቀን የሚናጠውን ወደ እሳት የሚያስጠጉት ለዚህ ነው። የእማማ የማታ ወተት በውርጩ ቀዝቅዞ ያድራል፤ ጠዋት ትኩሱ ይቀላቀልበታል። ለመናጥ የተመቸ ሆኖ አህያ ላይ ይጫናል።

ለኃላፊዬ ብነግረው ማስረጃ አምጣ አለኝ፤ ትክክል ነበር። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ እማማ ቤት ደረስኩ። ከጎረቤታቸው ወተት ገዝቼ ከእሳቸው ወተት ጋር ቀላቀልኩና ለሁለት ከፈልኩት፤ አምስቱን ሊትር በባለ አምስት ሊትር ጀሪካን እስከ አፉ፣ ሌላውን አምስት በባለ አሥሩ። በአህያዋ ግራና ቀኝ ጭነን አብረን ሄድን። ስንደርስ ሙሉው 4.1 በመቶ፣ ግማሹ 2.7 በመቶ ቅባት ሆነ። ከግማሹ የቀረውን ቅቤ ከጨርቁ ላይ ፍቄ በሲኒ አስቀመጥኩት።

የተቀነሰባቸው ሂሳብ ተመለሰላቸው። ቆጥረው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩትና ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ያን ቃል የተናገርከው ሰው ፊት ነው።»

በማግስቱ ሰልፉ እስኪሞላ ጠበቅኩና ሲኒውን ይዤ ወጣሁ። ቅቤው ከየት እንደመጣ፣ እኔም ምን ብዬ እንደበደልኳቸው ለሁሉም ተናገርኩ፤ ይቅርታም ጠየቅኩ። እማማ ከሰልፉ መካከል ቆመው ነበር፤ ባለ አምስት ሊትሩ ጀሪካናቸው እስከ አፉ ሙሉ ነው።