የጅዳ መብራት የለመደው ስኪመር

ደሴ ላይ የባሕር ዓሣ አረባለሁ ስል ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው የሚጠይቀኝ። «ጨውስ? አፋር እዚሁ አጠገባችን አይደል?» ነው። ግን አይሆንም። የአፍዴራ ጨው ለወጥ ነው። የባሕር ውሃ ከወጥ ጨው ሌላ ማግኒዥየም አለው፣ ካልሲየም አለው፣ ፖታሲየም አለው። ስለዚህ ለአኳሪየም ተብሎ የተቀመመውን እገዛለሁ። እሱ ደግሞ ኪስ ያራቁታል። ለ1 ሊትር ውሃ 35 ግራም ገደማ ይገባል። 20 ሊትር በቀየርኩ ቁጥር 700 ግራም ጨው ፍሳሽ ገባ ማለት ነው። ስኪመር፣ ማለትም የውሃውን ቆሻሻ በአረፋ የሚያወጣ ዕቃ፣ ግዛ ግዛ ያለኝ ይኸው ሂሳብ ነው። ውሃውን በየጊዜው ከመድፋት ቆሻሻውን ሳይበሰብስ ቀድሞ ማውጣት ይሻላል ብዬ ነው።

ልክፍቱ የያዘኝ ጅዳ ነው። 6 ዓመት የሠራሁበት ቤት ሳሎኑ ውስጥ ግድግዳ የሚያህል አኳሪየም ነበረው። ማጽዳቱ የኔ ሥራ ነበር። ተመልሼ ደሴ ስገባ ሰው ቤት ይሠራል፣ ባጃጅ ይገዛል፤ እኔ መስታወት ቤት ሄጄ ገንዳ አሠራሁ።

እናቴ ዕቃው ምን እንደሚሠራ ስትጠይቀኝ ብዙ አልተቸገርኩም። «ሥጋ ስትቀቅይ ላዩ ላይ የሚመጣውን አረፋ ትገፊው የለ? እሱን ነው የሚሠራው» አልኳት። «ታዲያ ገፋፊ ነዋ! ምን ስኪመር ስኪመር ትለኛለህ?» አለች። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስሙ ገፋፊ ሆኖ ቀረ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከዓሣው ኩስና ከተረፈው ምግብ የሚወጣው ቅባትና ፕሮቲን አንዱ ጫፉ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ጫፉ ውሃ ይሸሻል። የአየር ጠብታ ሲያገኝ የሚሸሸው ጫፍ አየሩ ላይ ይጣበቃል። ስኪመሩ አየርና ውሃ አንድ ላይ ፈጭቶ ደቃቅ አረፋ ያደርገዋል። አረፋው ቆሻሻውን ተሸክሞ በአንገቱ ይወጣና ላይ ያለው ኩባያ ውስጥ ይጠራቀማል። ኩባያው ውስጥ የሚቀረው አተላ ነው። ከአተላ ሌላ ስም ላወጣለት አልቻልኩም።

ምርጫው ላይ ልምጣ። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ሊትር ያታልላል። የኔ ገንዳ ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 45፣ ቁመቱ 45 ሳንቲ ሜትር ነው። እስከ አፉ ቢሞላ 200 ሊትር ይይዛል። እኔ ግን «እስከ 400 ሊትር» የሚለውን መረጥኩ። ያ ቁጥር ብዙ ጊዜ ዓሣው ጥቂት፣ ምግቡ ቁጥብ ለሆነ ገንዳ የተሰላ ነው፤ ስለዚህ ግማሹን ብቻ አመንኩት። እዚህ ላይ አልተሳሳትኩም። ሁለት ክላውን ፊሽና አንዲት ጎቢ የሚባሉ ዓሦች ናቸው ያሉኝ፤ ለነሱ ተርፎ ይበቃል። ከዚያ በላይ መሄድም ደግ አይደለም። ስኪመሩ ለገንዳው በጣም ከሰፋ በውሃው ያለው ቅባት አረፋውን እስከ ላይ ሊያቆመው አይችልም። መሃል መንገድ ላይ እየፈረሰ ይመለሳል።

የተሳሳትኩት ሌላ ቦታ ነው። ጅዳ ያለው የአክስቴ ልጅ ዕቃውን ገዝቶ ለሚመጣ ሰው አስያዘልኝ። ሻንጣ ውስጥ በልብስ ተጠቅልሎ ገባ። እንዳገኘሁት ባልዲ ውስጥ በቧንቧ ውሃ ሞከርኩት። የሚወጣው ድስት ሲፈላ የሚታየው ዓይነት ትልልቅ አረፋ ብቻ ነው። ተታለልኩ ብዬ ለአክስቴ ልጅ ደውዬ ጮህኩበት። ለካ ጨው የሌለው ውሃ እንዲህ ነው። ትንንሾቹ ጠብታዎች ሳይዋዋጡ ደቃቅ ሆነው የሚቆዩት በጨው ነው። በቧንቧ ውሃ መሞከር የሚጠቅመው የሚያፈስ ቦታ እንዳለ ለማየት ብቻ ነው። ልጁን ይቅርታ ጠየቅኩት።

ስኪመሩን ጨዋማው ውሃ ውስጥ ስከተውም ግን ልቤ አልሞላም። አረፋ አለ፤ ግን ሰነፍ ነው። አንገቱ ሥር ይደርሳል፣ ያመነታል፣ ይመለሳል። አዲስ ስኪመር ከፋብሪካ የመጣ ቅባት ስላለበት እስኪለምድ ድረስ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ እሱን አውቃለሁ። ጠበቅኩ። 2 ሳምንት አለፈ፣ 4 ሆነ። ኩባያው ሥር ያለው አንድ ማንኪያ አይሞላም።

ጎረቤታችን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። አንድ ቀን ለቡና ሲመጣ አሳየሁት። ፓምፑን አገላበጠው፣ መነጽሩን አወጣ፣ ጎኑ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት አነበበ። ሳቀ።

«አብሽር፣ አልተበላሸም» አለኝ። «የጅዳ መብራት ለምዶ ነው።»

ወረቀቱ ላይ «60 ኸርዝ» ይላል፤ ኸርዝ ማለት መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ነው። የሳውዲ መብራት 60 ኸርዝ ነው፤ የኛ 50። ቮልቱ ስለሚቀራረብ ሰክተኸው ይሠራል፤ ስለሚሠራም አትጠረጥርም። ግን እንዲህ ዓይነቱ ሞተር የሚዞረው በመብራቱ ምት ልክ ነው። እዚያ በደቂቃ 3600 ጊዜ የሚዞረው እዚህ 3000 ጊዜ ብቻ ነው የሚዞረው። ከፍጥነቱ ከ6 እጅ 1 እጁ ቀረ። ስኪመር ደግሞ ነፍሱ አየር ነው። ፍጥነት ሲያጣ የሚስበው አየር ያንሳል።

ሌላ ስኪመር የምገዛበት ገንዘብ አልነበረኝም። ሳጣራ አምራቹ ለ50 ኸርዝ የሚሆን ኢምፔለር ለብቻው ይሸጣል። ኢምፔለር ማለት ፓምፑ ውስጥ የምትሽከረከረው፣ ዙሪያዋን በእሾህ የተወረረች ጎማ ናት። ከዱባይ የሚመጣ ወዳጅ በሸሚዝ ኪሱ ይዞልኝ መጣ። ከድሮዋ ጋር ጎን ለጎን ሳስቀምጣት ጥቂት ሰፋ ትላለች፤ ሌላ ልዩነት የላትም። ከትቼ ስሰካው የስኪመሩ ሆድ ወተት መሰለ። በሦስተኛው ቀን ኩባያው ግማሽ ሞላ።

ስለዚህ ዕቃ የምታስመጡ ሰዎች፣ ከመክፈላችሁ በፊት የፓምፑን ወረቀት ፎቶ አስነስታችሁ እዩ። ዱባይም ጅቡቲም እንደኛው 50 ናቸው። ወይም በአዳፕተር የሚሠራ ዲሲ ፓምፕ ያለውን ግዙ፤ እሱ ኸርዝ አይመርጥም።

ቀጥሎ ያስቸገረኝ የውሃው ከፍታ ነው። ስኪመሬ የሚቀመጠው ሳምፕ ውስጥ ነው። ሳምፕ ማለት ከገንዳው ሥር ካቢኔው ውስጥ ያለ ሁለተኛ ገንዳ ነው፤ ውሃው በቱቦ ወርዶ እዚያ ይጣራና በፓምፕ ይመለሳል። የኔው 60 በ30 ሳንቲ ነው። መመሪያው ስኪመሩ ከ18 እስከ 20 ሳንቲ ውሃ ውስጥ ይቁም ይላል። የኔ ሳምፕ ውሃው 24 ነበር። ከቧንቧ ዕቃ ቤት ቁራጭ ፒቪሲ ቱቦ ገዝቼ 4 እግር ቆረጥኩ፤ እያንዳንዱ 5 ሳንቲ። ላዩ ላይ መስታወት ጣል አድርጌ ስኪመሩን አቆምኩበት። 19 ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለው የስኪመሩ የውሃ መውጫ ቫልቭ ጉዳይ ነው። ጠበብ ስታደርጋት ውሃው አንገቱ ውስጥ ከፍ ይላል፤ አተላው ቀጥኖ ይበዛል። ሰፋ ስታደርጋት ይወርዳል፤ አተላው ወፍሮ ያንሳል። እኔ የምለካው በቡና ነው። ኩባያው ውስጥ ያለው በረካ ከመሰለ ቀጥኗል፣ ጨው ውሃዬን በከንቱ እያወጣ ነው። አቦል ከመሰለ ደርቋል፣ አንገቱ ላይ እየጋገረ ነው። ቶና ላይ አቆመዋለሁ። ቫልቯን ከነካችሁ በኋላ ግማሽ ቀን ታገሱ። እኔ በየ10 ደቂቃው እያዞርኩ አንድ ቅዳሜ ሙሉ አቃጥያለሁ።

ጠዋት ቶና የነበረው ማታ አቦል ይሆንብኝ ነበር። ምክንያቱ ትነት ነው። በቀን 2 ሊትር ያህል ውሃ ይተናል፤ የሚጎድለው ደግሞ ሳምፑ ላይ ነው። በ1 ሳንቲ ሲወርድ አረፋው አብሮት ይወርዳል። ጠዋትና ማታ ጨው የሌለው የተጣራ ውሃ መሙላት ጀመርኩ። ጨው እንዳትጨምሩ፤ የተነነው ውሃው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ስጋጃው ልምጣ።

አንድ ሐሙስ መብራት ማታ ጠፋ። ተኛን። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መጣ፤ የተነሣሁት ግን በመብራቱ አይደለም፣ ሽታው ቀስቅሶኝ ነው። የስኪመር አተላ ይሸታል። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ የከረመ የዓሣ አንጀት ነው። ሳሎን ስገባ ቡናማ ውሃ ከካቢኔው ሥር ወጥቶ የእናቴን ስጋጃ አጋምሶታል።

ቁጭ ብዬ ሳሰላው እንዲህ ነው። ፓምፑ ሲቆም ከላይኛው ገንዳ 2 ሳንቲ ያህል ውሃ ወደ ሳምፑ ይወርዳል። 100 በ45 በ2፣ 9 ሊትር ነው። ያ 9 ሊትር 60 በ30 የሆነ ሳምፕ ውስጥ ሲገባ 5 ሳንቲ ከፍ ያደርገዋል። ስኪመሩ 19 ላይ ነበር፤ መብራት ሲመጣ 24 ላይ ቆሞ ተነሣ። አረፋውን ከነውሃው በኩባያው አናት ላይ ተፋው።

ሁለት ነገር አደረግኩ። መስታወት ቤት ሄጄ ሳምፑን በ20 ሳንቲ ግድግዳ ለሁለት አስከፈልኩት፤ እግሮቹ ወጡ። ስኪመሩ ያለበት ክፍል ውሃው ግድግዳውን እየዘለለ ስለሚሄድ ከፍታው አይለዋወጥም፤ ትነቱም የሚታየው በሌላኛው ክፍል ብቻ ነው። ይህን ከመጀመሪያው ማሠራት ነበረብኝ፣ ስኪመር ከመግዛቴ በፊት። ሁለተኛው ርካሽ ነው። ፍሪጅ ላይ የሚሰካውን፣ መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቀውን መከላከያ ታውቁታላችሁ? ስኪመሩን እሱ ላይ ሰካሁት። የውሃ ፓምፑ ወዲያው ይነሣና የወረደውን 9 ሊትር ወደ ላይ ይመልሳል። ስኪመሩ ሲነሣ ውሃው ቦታው ገብቶ ይጠብቀዋል። የቮልት መዋዠቁንም አብሮ ይመክትልኛል።

መብራት ሲጠፋ ሌላም ጭንቀት አለ። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። ውሃው ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ሞቅ ያለ የጨው ውሃ ደግሞ በተፈጥሮው ኦክስጅን የሚይዘው ትንሽ ነው። ለኔ ስኪመሩ ቆሻሻ ከማውጣቱ እኩል ዓሣዎቹን ያስተነፍሳል። ስለዚህ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ አጠገቡ አለች።

አየሩ ከየት እንደሚመጣ ግን አስቤበት አላውቅም ነበር። ስኪመር የሚስበው የክፍሉን አየር ነው። የኛ ሳሎን ደግሞ የወሎ ሳሎን ነው። ከሰሉ ይቀጣጠላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቡናው እስከ በረካ ይዘልቃል፣ ከጦሳ የሚወርደውን ብርድ ፈርተን መስኮቱ ይዘጋል። የከሰሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በስኪመሩ በኩል ውሃው ውስጥ እየገባ ፒኤቹን፣ ማለትም የውሃውን የአሲድነት መለኪያ፣ ያወርደዋል። ማታ ስለካ 7.8፤ ጥሩው ከ8.1 እስከ 8.4 ነው። ዓሣዎቹን ምን ነካብኝ ብዬ ስንት ቀን ስጨነቅ ከረምኩ። የአየር መሳቢያ ቱቦውን በመስኮቱ ጥግ አሾልኬ ወደ ውጭ አወጣሁት። በሳምንቱ 8.1 ሆነ። ቱቦው ሲረዝም አየር ይታፈናልና ከመጀመሪያው ሰፋ ያለ ተጠቀሙ።

የቅቤውን ነገር ሳልናገር አልቀርም። አንድ ቀን አረፋው ድንገት ድርግም አለ። ፓምፑ ይሠራል፣ አየሩ ይገባል፣ አረፋ የለም። ቧንቧ ፈታሁ፣ ገጠምኩ። ማታ ላይ እናቴ «ያቺ ቀዩዋ ዓሣ እጄን ለመደችው መሰለኝ» አለችኝ። ጠዋት ፀጉሯን ቅቤ ስትቀባ ቆይታ ገንዳው ውስጥ እጇን ከታለች። ቅባት አረፋ ይገድላል። በማግሥቱ ራሱ ተመለሰ። ሳሙና ደግሞ ተቃራኒውን ነው የሚሠራው፤ እህቴ ኩባያውን በሳሙና አጥባው አረፋው እስከ ማታ ሲገነፍል ዋለ። ኩባያውንና አንገቱን በየ3 ቀኑ በውሃና በንጹሕ ጨርቅ ብቻ ማጠብ ነው። ፓምፑን በየ3 ወሩ በውሃ በቀጠነ አቼቶ ዘፍዝፌ አጸዳዋለሁ። የአየር ቱቦዋ ጫፍ ጨው ሲጋግርባት ለብ ያለ ውሃ አስባታለሁ። አተላውን አትክልት ላይ እንዳትደፉት። ማዳበሪያ ይሆናል ብዬ የእናቴን ጤናዳም ገድያለሁ።

ባለፈው ሳምንት መብራት ሦስት ጊዜ ጠፍቶ መጣ። ሦስቱንም ጊዜ ካቢኔው ፊት ተንበርክኬ ጠበቅኩ። የመከላከያው ቀይ መብራት አረንጓዴ ሆነ፣ ስኪመሩ ሹ ብሎ ተነሣ፣ አንድ ጠብታ አልወጣም። ስጋጃው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተጠቅልሎ መኝታ ቤት ቆሟል። እናቴ እስካሁን አላነጠፈችውም።