መዝገቡ ማን ጋር ነው?

ሾፌር ታሰረ የተባለ ዕለት በየትራንስፖርት ድርጅቱ የሚታይ ሩጫ አለ። አንዱ በጣቢያው የሚያውቀውን ሳጅን፣ ሌላው የአገሩ ልጅ የሆነ ኮማንደር፣ ሌላው ደግሞ የዳኛ ጎረቤት ይፈልጋል። በአንድ የጭነት ድርጅት የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን ሩጫ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ሁልጊዜም ያበሳጨኛል። የታሰረውን ሰው የሚጠቅሙት የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ያልፉና ሰው ሲፈለግ መሥራት የሚገባው ሥራ ሳይሠራ ይቀራል።

ይህን የምጽፈው በአንድ ነባር ሾፌራችን ላይ በደረሰው ምክንያት ነው። ከጅቡቲ ማዳበሪያ ጭኖ ሲመለስ፣ በኦሮሚያ ክልል ዋናው መንገድ መሐል ለመሐል የሚያልፍባት አንዲት ከተማ ላይ መንገድ ስታቋርጥ የነበረች ሴት ገጨ። ሐሙስ ነው፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ። ወዲያው አቁሞ ከረዳቱ ጋር በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሷት፤ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ተላከች። እርሱ ራሱ ትራፊክ ፖሊሱ ዘንድ ሄዶ እጁን ሰጠ። የደወለልኝ ረዳቱ ነበር፤ ለቅሶው ከንግግሩ አይለይም። «ሞታለች መሰለኝ» አለኝ። አልሞተችም ነበር፤ ግን በዚያ ሰዓት ይህን የሚያውቅ አልነበረም።

ቢሮ ውስጥ ሁሉም በየፊናው መናገር ጀመረ። ሥራ አስኪያጃችን ስለ ጭነቱ ጠየቀ፤ የፋይናንስ ኃላፊው «ሰው እንፈልግ» አለ፤ አንድ ሌላ ባልደረባ ደግሞ ሾፌሩ በዚያው ቀን እንዲሰናበትና ድርጅቱ ከጉዳዩ እጁን እንዲያወጣ ሐሳብ አቀረበ። እኔ ረዳቱን ሾፌሩ የተያዘበትን ሰዓት በትክክል ጠይቄ ጻፍኩት። ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ወደ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ብቻ አይቆጠርም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 29 ይህንኑ ይላል። የእኛ ሰው 48 ሰዓት ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ይሞላል ማለት ነው። «ቅዳሜና እሑድ አይቆጠርም» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ሕጉ ላይ ግን እንዲህ የሚል ነገር የለም።

ዓርብ ጠዋት ከጠበቃችን ጋር ጣቢያው ደረስን። መርማሪው ትሑት ሰው ነበር። «እህቴ፣ መዝገቡ ገና እኔ ጋር ነው» ሲለኝ፣ በዚያ ቀን ማንን ምን መጠየቅ እንዳለብን ጠቆመኝ። መዝገቡ ፖሊስ እጅ ሳለ ፖሊስ ራሱ በዋስ የመልቀቅ ሥልጣን አለው፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 28 ወንጀሉ በጽኑ እስራት የማያስቀጣ ሲሆን፣ ወይም ወንጀሉ መፈጸሙ ወይም የተያዘው ሰው ማድረጉ ሲያጠራጥር፣ ይህን ይፈቅዳል። ጠየቅን። መርማሪው የተጎጂዋ ሁኔታ ሳይታወቅ አልለቅም አለ። አልተጨቃጨቅንም፤ ሥልጣኑን ላለመጠቀም የሰጠው ምክንያት ለመረዳት የሚከብድ አልነበረም።

ሾፌሩን እንድናየው ተፈቀደልን። ከቤተሰብ፣ ከጓደኛ፣ ከሃይማኖት አማካሪ፣ ከሐኪምና ከሕግ አማካሪ ጋር መገናኘት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 የታሰረ ሰው መብት ነው፤ እንደ ችሮታ መለመን አያስፈልግም። ዕድሜው ከአባቴ እኩል ነው። ገና ሲያየኝ «የኔ ልጅ፣ ሴትዮዋ እንዴት ሆነች?» አለኝ፤ ስለ ራሱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ቃሉን ማታውኑ ሰጥቷል። የወሎ ሰው ነው፣ አፋን ኦሮሞ አይሰማም፤ የምርመራው መዝገብ የሚጻፈው ግን በክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው። አስተርጓሚ ተመድቦለት እንደ ነበርና ቃሉ ከመፈረሙ በፊት ተነቦለት እንደ ሆነ ጠየቅሁት። ሁለቱም ተደርጓል፤ እንዲያውም ሲነበብለት ፍሬን የያዘበት ቦታ ተሳስቶ ስለ ነበር አሳርሟል። ያለመናገር መብት እንዳለውና የሚናገረው ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችልም ተነግሮታል። ደስ አለኝ። ከፈረሙ በኋላ «እንዲህ አላልኩም» እያሉ ለወራት የሚከራከሩ ሰዎች አይቻለሁ፤ ክርክሩ እጅግ ከባድ ነው።

ከጣቢያ ስንወጣ ጠበቃው ወደ አደጋው ቦታ ወሰደኝ። የጎማው ምልክት አስፋልቱ ላይ ገና ነበር። ትራፊክ ፖሊሱ የአደጋውን ፕላን አንሥቷል፤ ርቀቱን ለክቶ፣ የመንገዱን ስፋትና የእግረኛ ማቋረጫውን ቦታ አስፍሯል። በትራፊክ ጉዳይ ምስክር ይለዋወጣል፣ ይረሳል፤ ፕላኑ ግን እስከ ፍርድ ቀን ድረስ እንደ ተነሣው ይቆያል። ስለዚህ ፕላኑ ላይ ስሕተት አለ የሚል ካለ፣ ምልክቱ ሳይጠፋ በዚያው ሳምንት ነው መናገር ያለበት።

ቅዳሜ ጠዋት ተረኛ ዳኛ ፊት ቀረበ። ወደ ችሎቱ የመጡት ባልደረቦቻችን ዳኛው «ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለውን የሚወስኑ መስሏቸው ነበር። በዚህ ደረጃ ዳኛው የሚመለከቱት ሌላ ነገር ነው፦ ፖሊስ ምርመራውን ለመጨረስ ምን ቀረው፣ ለዚያስ ሰውየው ታስሮ መቆየት አለበት ወይ? ፖሊስ 14 ቀን ጠየቀ። የቀሩትን ዘረዘረ፦ የሁለት ምስክሮች ቃል፣ የሕክምና ማስረጃ፣ የመኪናው የቴክኒክ ምርመራ። ጠበቃችን ደግሞ መኪናው ጣቢያ ግቢ ቆሟል፣ ፕላኑ ተነሥቷል፣ የሕክምና ማስረጃውን የሚጽፈው ሆስፒታሉ ነው፣ ደንበኛዬ ከእነዚህ የትኛውን ሊያበላሽ ይችላል ብሎ ተከራከረ። ዳኛው 7 ቀን ፈቀዱ። ዋስትናውን ግን ለጊዜው አለፉት፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 ስለ ዋስትና ሲናገር የወንጀሉን ቅጣት ክብደትና የተጎዳውን ሰው ሕይወት ያነሣልና፣ የሴትዮዋ ሁኔታ በሐኪም ይገለጽ አሉ።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ ቀጠሮ፣ ማለትም ሰውየው ለምርመራ ታስሮ የሚቆይበት ጊዜ፣ እንዳይሰጥ ይከለክላል፤ ስንት ጊዜ ሊሰጥ እንደሚችል ግን አይወስንም። ስለዚህ በየቀጠሮው መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ባለፈው በተሰጠው ጊዜ ምን ተሠራ?» የሚል ነው። ይህን የሚጠይቅ ጠበቃ ወይም ራሱ ታሳሪው ከሌለ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ሊደራረብ ይችላል። 48 ሰዓት አልፎ ፍርድ ቤት ያልቀረበ ሰው ከሆነ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው፦ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለፍርድ ቤት ማቅረብ።

በዚያ ሳምንት በቢሮ ውስጥ ከሁሉ የከበደኝ ክርክር ስለ ምስክሮቹ የተነሣው ነው። ሥራ አስኪያጁ፣ ክፉ አስቦ ሳይሆን ተጨንቆ፣ «አንድ ሰው ሄዶ ምስክሮቹን ያነጋግርልን» አለ። አይሆንም አልኩ፤ ድምፄንም ከፍ አድርጌ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 67 ዋስትና ከሚከለከልባቸው ምክንያቶች አንዱ ተጠርጣሪው ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል የሚል ሥጋት መሆኑን በግልጽ ይናገራል። ምስክሩን የምናነጋግረው እኛ ብንሆንም መዘዙ የሚደርሰው እስር ቤት ባለው ሰው ላይ ነው። ከዚህም በላይ ነገሩ ነውር ነው፤ ሴትዮዋ በሆስፒታል አልጋ ላይ እያለች እውነቷን በጓዳ መነካካት ነው።

ሽማግሌ መላክ ግን ሌላ ነገር ነውና ላክን። ሴትዮዋ መንገድ ዳር ነግዳ ልጆች የምታሳድግ እናት ነች፤ እግሯ ተሰብሯል። ሽማግሌዎቹ ይቅርታ ጠየቁ፤ የሾፌሩ ቤተሰብ ለሕክምናዋ የአቅሙን ሰጠ፤ እኛም የሦስተኛ ወገን መድን ድርጅቱን ወዲያው አስታወቅን፤ ይህ መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ለማንኛውም ተሽከርካሪ ግዴታ ነው። ቃል እንድትለውጥ ማንም አልጠየቃትም። ጥፋተኛ ተጸጽቶ ተጎጂውን መርዳቱ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ቅጣት ማቅለያ ነው፤ ጥቅሙ በኋላ በፍርዱ ቀን ታይቷል።

በሁለተኛው ቀጠሮ የሆስፒታሉ ማስረጃ ቀረበ፦ ሕይወቷ ከአደጋ ወጥቷል። እኔ ደግሞ አንድ ደብዳቤ ጽፌ ነበር። የተቀጠረበት ዓመት፣ ደመወዙ፣ የሚኖርበት ወረዳና የቤት ቁጥር፣ የቤተሰቡ ሁኔታ፣ ሥራው እንደሚጠብቀው፣ በማኅተም ተረጋግጦ። ዳኛው አነበቡት። ዋስትና ሲታይ የሚፈራው ሰውየው ይጠፋል ብሎ ነው፤ ቋሚ አድራሻና ቋሚ ሥራ ያለው መሆኑን በወረቀት ማሳየት ለዚህ ፍርሃት ቀጥተኛ መልስ ነው። የአንድ ኮማንደር ስልክ ይህን አያደርግም። በ20,000 ብር ዋስ እንዲለቀቅ ታዘዘ። ገንዘቡን አስያዝን፣ ደረሰኙን ይዘን የመፈቻ ትእዛዙን አጻፍን፣ ትእዛዙን ጣቢያ አደረስን፤ ሲመሽ ወጣ።

የማሰናበቱን ሐሳብ የዘጋሁት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አንቀጽ 18 ከ30 ቀን ያልበለጠ እስር፣ አሠሪው በ10 ቀን ውስጥ ከተነገረው ወይም ማወቅ የሚገባው ከሆነ፣ የሥራ ውሉ ለጊዜው የሚታገድበት ምክንያት እንጂ የሚቋረጥበት አያደርገውም። አሠሪው ደግሞ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ አውቋል።

ከዚያ በኋላ መዝገቡ እጅ ቀየረ። ባልደረቦቻችን ግን ጣቢያ መመላለሱን አልተዉም ነበር፤ መርማሪው በመጨረሻ «እኔ ጋር ምንም የለም፣ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ሄዷል» ብሎ መለሳቸው። ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን አይቶ ክስ ሊመሠርት፣ ተጨማሪ ምርመራ ሊያዝ ወይም ማስረጃ አይበቃም ብሎ ሊዘጋው ይችላል፤ ክስ ለማቅረብም የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 109 መዝገቡ ከደረሰው ጀምሮ 15 ቀን ይሰጠዋል። እኛ የቴክኒክ ምርመራው ውጤት ከመዝገቡ ጋር መያያዙን ብቻ አረጋገጥን። ክሱ በቸልተኝነት አካል ማጉደል ሆነ።

ክርክሩ ወራት ወሰደ። ሾፌሩ በፍጥነት አልነዳሁም ብሎ ካደ፤ ምስክሮች ተሰሙ፤ ፍርድ ቤቱ ይከላከል፣ ማለትም የመከላከያ ማስረጃውን ያቅርብ ብሎ በየነ፤ ረዳቱ ቀርቦ መሰከረ። ፕላኑ ላይ የሠፈረው የፍሬን ርቀት ስለ ፍጥነቱ የተናገረውን ደገፈለት፤ ማቋረጫው ላይ ለእግረኛ ቅድሚያ አለመስጠቱን ግን ያው ፕላን አሳየበት። ጥፋተኛ ተባለ። ለተጎጂዋ መድረሱ፣ ራሱ እጁን መስጠቱና የቀድሞ ጥፋት የሌለበት መሆኑ ተቆጥሮለት እስራቱ በገደብ ሆነ፤ መቀጮውን ከፈለ፣ ወደ ሥራውም ተመለሰ። ፍርዱ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ እርሱም እንዲሁ። የሴትዮዋ የካሳ ጥያቄ በመድን ድርጅቱ በኩል ለብቻው ሄዶ ተከፈላት።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፦ ለዋስትና የተያዘው ገንዘብ። ብዙ ሰው ከመቀጮ ጋር እያምታታ አይጠይቀውም። ተከሳሹ በየቀጠሮው ቀርቦ ጉዳዩ ካለቀ ገንዘቡ በፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ይመለሳል፤ ለዚህም የመጀመሪያው ደረሰኝ ያስፈልጋል። ደረሰኙ ከሾፌሩ የግል ማኅደር ጋር ነበር። የፋይናንስ ኃላፊው 20,000 ብሩን ተቀብሎ ወደ ሥራ ማስኬጃ ሊያስገባው ሲል፣ ለሾፌሮች ዋስትና ብቻ እንዲውል በስብሰባ አስወስኜ ለብቻው አስቀመጥነው።