አዲሱን ስክሩ በአራት ወር ያስበላኝ ስህተት

ይህን የምጽፈው የኤክስትሩደር (ፕላስቲክ አቅልጦ ቅርጽ አስይዞ የሚያወጣ ማሽን) ስክሩ፣ ማለትም ፕላስቲኩን ወደ ፊት የሚገፋውን ጠመዝማዛ ዘንግ፣ ለመቀየር የተዘጋጀ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት እንዲያነበው ነው። እኔን በጊዜው ያስጠነቀቀኝ ሰው ስላልነበረ አንድ አዲስ ስክሩ ለከንቱ አስበልቻለሁ፤ እስካሁንም ይቆጨኛል።

ማሽኑ የፖሊኢትሊን ቧንቧ የሚያመርት ባለ አንድ ስክሩ ኤክስትሩደር ሲሆን፣ የስክሩው ዲያሜትር 90 ሚሊሜትር፣ የሥራ ርዝመቱ ደግሞ የዲያሜትሩ 30 እጥፍ፣ ማለትም 2.7 ሜትር ነው። ችግሩ የመጣው ቀስ በቀስ ነበር። በደቂቃ 60 ዙር ስናዞረው እናገኘው የነበረውን ምርት ለማግኘት መጀመሪያ 65፣ ቆይቶም 74 ዙር ማድረስ ግድ ሆነብን፤ ዙሩ በጨመረ ቁጥር የቀለጠው ፕላስቲክ ከሚፈለገው በላይ ይሞቃል፣ የቧንቧው ውፍረትም አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በዚህ መጠን ባለው አዲስ ማሽን በስክሩው ጥርስና በባሬሉ (ስክሩው ውስጡ በሚዞርበት የብረት ቱቦ) ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት በአንድ ወገን 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ ያ ክፍተት ሲሰፋ ወደ ፊት መገፋት የነበረበት ቅልጥ በጥርሱ ጫፍ ላይ እያለፈ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ስክሩውን ማውጣቱ አላስቸገረንም። ዳዩን (ፕላስቲኩ የቧንቧ ቅርጽ ይዞ የሚወጣበትን አፍ) ፈትተን፣ ባሬሉ እንደሞቀ ከኋላ ገፍተን አወጣነው፤ የተጣበቀውንም ፕላስቲክ ሳይቀዘቅዝ በናስ ብሩሽ አጸዳነው። በማይክሮሜትር ስለካው መካከለኛው ክፍል፣ ፕላስቲኩ እየታመቀ የሚቀልጥበት ቦታ ላይ፣ ዲያሜትሩ 1.2 ሚሊሜትር ቀንሶ ነበር።

ጥፋቴ የጀመረው ባሬሉን ስለካ ነው። የነበረን ቦር ጌጅ (የቀዳዳ የውስጥ ዲያሜትር መለኪያ) እጀታው አጭር ስለነበረ ከሁለቱም አፍ ከ30 ሳንቲሜትር በላይ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። በሁለቱም ጫፍ የተገኘው ልኬት ከአዲስ ባሬል ብዙም የማይለይ ስለነበረ በመዝገቡ ላይ «ባሬሉ ደህና ነው» ብዬ ጻፍኩ። ስክሩው የተበላው መሐሉ ላይ መሆኑን በዓይኔ አይቼ ሳለ፣ ከዚያ ትይዩ ያለውን የባሬል ግድግዳ ሳልለካ ደህና ነው ብዬ መፈረሜን ዛሬ ሳስበው ለራሴ ይቅር ለማለት ይከብደኛል። ማሽኑን ያቀረበልን ድርጅት ባለሙያም በስልክ ሲያማክሩኝ «ባሬል ውድ ነው፤ መጀመሪያ ስክሩውን ቀይሩና እዩት» አሉኝ። ባሬሉ መሐሉ ላይ ተለክቶ እንደሆነ ግን አልጠየቁኝም። የሚያማክር ሰው ከሁሉ በፊት ይህን መጠየቅ ነበረበት ብዬ አምናለሁ።

አዲሱ ስክሩ ከገባ በኋላ ያው ምርት በ66 ዙር ተገኘ። ወደ 60 አለመመለሱን እያየሁ «ሲላመድ ይስተካከላል» ብዬ አለፍኩት። በአራተኛው ወር ተመልሰን 74 ላይ ነበርን። ስናወጣው ከመሐሉ እስከ ፊተኛው ጫፍ ድረስ የጥርሶቹ አናት እንደ መስተዋት አብረቅርቋል፤ ጠርዛቸው በጣት ሲዳሰስ እንደ ምላጭ ስል ሆኗል። ፕላስቲክ ብቻውን ብረትን በአራት ወር እንዲህ አያደርግም፤ ብረት ከብረት ጋር ተፋጭቷል ማለት ነው።

ይህን ጊዜ ረጅም እጀታ አስቀጥዬ ባሬሉን በየ10 ሳንቲሜትሩ፣ በእያንዳንዱም ቦታ አንዴ ከላይ ወደ ታች፣ አንዴ ከግራ ወደ ቀኝ ለካሁት። በጣም የተበላው ቦታ ላይ የቁሙ ልኬት 91.4፣ የአግድሙ ደግሞ 90.5 ሚሊሜትር ሆነ። ቀዳዳው ክብ መሆኑ ቀርቶ ሞላላ ሆኗል። በናይትሮጅን የጠነከረው የባሬል ሽፋን ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ጥልቀት ስላለው፣ በአንድ በኩል ሽፋኑ አልቆ ስክሩው ለስላሳውን ብረት እየበላ ነበር።

ባሬል ዙሪያውን እኩል ሳይሆን በአንድ ወገን ሲበላ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መጉበጥ ነው። ያጎበጥኩትም እኔ ነበርኩ። ከዓመት በፊት ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ በባሬሉ ፊተኛ ጫፍ ያለውን የድጋፍ እግር ብሎኖች በሙሉ ኃይሌ አጥብቄያቸው ነበር። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፤ 2.7 ሜትር ባሬል ከክፍል ሙቀት ተነሥቶ 200 ዲግሪ ሲደርስ ከ5 ሚሊሜትር በላይ ይጨምራል። የኋላው ጫፍ ከጊርቦክሱ ጋር ስለታሰረ፣ ፊተኛው እግር ካላንሸራተተው መሄጃ ያጣል፤ መሄጃ ሲያጣ ይጎብጣል። በዕድሜ የገፉት ኦፕሬተራችን «ልጄ፣ ይህ ማሽን ሲሞቅ ያቃስታል» ሲሉኝ ጆሮ አልሰጠኋቸውም። ያሉት ትክክል ነበር።

የማሽኑ መመሪያ በዓመታዊ ፍተሻ ዝርዝሩ ላይ «የድጋፍ ብሎኖች መጥበቃቸው ይረጋገጥ» ይላል። የትኛው እግር መጥበቅ፣ የትኛው መንሸራተት እንዳለበት አይለይም። በዚህ አንድ መስመር እስካሁን እበሳጫለሁ። በእኔ እምነት ፊተኛው እግር ባሬሉን ከሥር መሸከም እንጂ ማሰር የለበትም፤ መንቀጥቀጥ ካለም ፈውሱ የሚፈለገው ከመሠረቱና ከጊርቦክሱ አሰላለፍ ነው።

መመሪያው መበላትን በዓመት አንድ ጊዜ ለኩ ቢልም እኔ ያንን አልጠብቅም። በየሳምንቱ፣ በአንድ ዓይነት ጥሬ ዕቃና በአንድ ዓይነት የሙቀት መጠን፣ የአንድ ሰዓት ምርት አስመዝኜ ለዙሩ ቁጥር አካፍለዋለሁ። ይህ ቁጥር ተከታትሎ ሲወርድ ማሽኑን አስቆማለሁ። ዙር ጨምሮ ምርቱን ማሟላት በሽታውን መደበቅ ነው፤ የፈረቃ ኃላፊዎችም ሳያሳውቁኝ ዙር እንዳይጨምሩ ከልክያለሁ። መሐሉ ያልተለካ ባሬል ውስጥ ደግሞ አዲስ ስክሩ እንዲገባ ፈጽሞ አልፈቅድም።

በመጨረሻ ባሬሉንም ስክሩውንም አንድ ላይ ቀየርን፤ በ60 ዙር የቀድሞው ምርት ተመለሰ። አሁን ማሽኑ ከቀዝቃዛ ሲነሣ ፊተኛው ጫፍ ላይ ዳያል ጌጅ (ትንሽ እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) አቆምና መርፌው ዙር በዙር እየተሽከረከረ 5 ሚሊሜትሩን እስኪያልፍ ድረስ አጠገቡ እቆማለሁ። መርፌው 5 ሚሊሜትር ሳይደርስ ከቆመ ማሞቂያውን አጥፍቼ እግሩን እፈትሻለሁ።