በፈቃድ መጠየቂያው ቅጽ ላይ «ለዕረፍት» ብዬ ስጽፍ

ባለፈው ጥቅምት የዓመት ፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ ስሞላ «ምክንያት» የሚለው ባዶ ቦታ ላይ ስደርስ እጄ ተያዘ። በዘጠኝ ዓመት የሥራ ዘመኔ ፈቃድ የወሰድሁት ለእኅቴ ሠርግ፣ ለአያቴ ለቅሶና ለቤት ዕድሳት ነበር፤ እነዚያን ስጽፍ አንድም ጊዜ አላመነታሁም። በዚያ ቀን ግን ምንም ጉዳይ አልነበረኝም፤ ደክሞኝ ነበር። «ለዕረፍት» ብዬ ጽፌ ለአለቃዬ ስሰጣቸው ቅጹን አንብበው በቅን ልብ «ምነው፣ ምን ገጠመሽ?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። እንግዳ ቤታችን ሲገባ የመጀመሪያው ቃላችን «አረፍ ይበሉ» ነው፤ ከመንገድ የመጣ ሰው ጉዳዩን ከመናገሩ በፊት ማረፍ እንዳለበት ማንም ሳያስተምረን እናውቃለን። ወደ ራሳችን ስንመጣ ግን ሠርግ ወይም ለቅሶ ካልደገፈው ዕረፍትን ብቻውን ለመጠየቅ እናፍራለን። «ፈቃድ» የሚለው ስም ራሱ ለዚህ አስተዋጽኦ ሳያደርግ አልቀረም፤ ፈቃድ ሰጪው ወዶ የሚሰጠው፣ ሲያሻውም የሚነፍገው ነገር ይመስላልና። ሕጉ የሚለው ሌላ ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 42 የሥራ ሰዓት ገደብን፣ ዕረፍትንና ከክፍያ ጋር የሚሰጥ ፈቃድን ከሠራተኛው መብቶች መካከል ይቆጥራቸዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት፣ ከዚያም ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አንድ የሥራ ቀን እየታከለ እንዲሰጥ ይደነግጋል፤ ሠራተኛው ይህን መብቱን ለመተው የሚገባው ስምምነት ዋጋ እንደሌለውም በግልጽ ይናገራል። በዚህ ስሌት የእኔ ድርሻ 20 ቀን ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ ቆጥሬው አላውቅም ነበር።

የምሠራው በስታዲየምና በለገሃር መካከል ባለ አንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ክፍል ነው። የሒሳብ ሠራተኛ የሆነ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ የእኛ ጭንቀት ገና ይጀምራል። ባለፈው ክረምት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገብቼ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ላይ እወጣ ነበር፤ የምሳ ሰዓት ተቀንሶ፣ ቅዳሜ ጠዋት ያለው 5 ሰዓት ሲጨመር በሳምንት 57 ሰዓት ተኩል ይሆናል። የሕጉ ጣሪያ 48 ነው። የሕንፃው ጥበቃ፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው አዛውንት፣ በር ሲከፍቱልኝ «ልጄ፣ ዛሬም የመጨረሻዋ አንቺ ነሽ» ይሉኝ ነበር፤ እኔም እንደ ምስጋና እቀበለው ነበር። ነሐሴ ላይ የአንድ ባልደረባዬን የትርፍ ሰዓት ክፍያ በፔሮል ላይ ሁለት ጊዜ አስገባሁ። ሰነዱን ሦስት ጊዜ አይቼው ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ አላየሁትም። በዚያው ሰሞን የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጋራ ያወጡትን ጥናት አነበብሁ፤ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር፣ በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት ዕድሉም በ17 በመቶ ከፍ ይላል። አባቴን የወሰደብን ስትሮክ ስለ ነበር ቁጥሩን እንደ ሌላ ቁጥር አንብቤ ማለፍ አልቻልሁም።

ከ20ው ቀን 12ቱን ወሰድሁ። ከመውጣቴ በፊት አንዲት ወጣት ባልደረባዬን ሁለት ሳምንት ሙሉ ፔሮል አሠልጥኜ ነበር፤ ብዙዎቻችን ከፈቃድ የምንቀረው አለቃ ከልክሎን ሳይሆን ሥራችንን የሚይዝልን ሰው ስላላዘጋጀን እንደ ሆነ ያኔ ተረዳሁ። ያም ሆኖ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ዕረፍት ነበሩ ለማለት አልደፍርም። ቤት ተቀምጬ ቴሌግራም ላይ ለሚመጣ ጥያቄ ሁሉ እመልስ ነበር። ሕጉ ሠራተኛን ከፈቃዱ መጥራት የሚፈቅደው አስቀድሞ ያልታሰበ ሁኔታ ሲያጋጥም ብቻ ነው፤ እኔ ግን ማንም ሳይጠራኝ በየሰዓቱ እመለስ ነበር። በአራተኛው ቀን ስልኬን እናቴ ዘንድ ትቼ ወጣሁ።

የሄድሁት ሩቅ አይደለም፤ ከቢሯችን በእግር ሩብ ሰዓት ወደሚያስኬደው ፍልውሃ ነው። በዚያ መንገድ ለዘጠኝ ዓመት በታክሲ ተመላልሻለሁ፤ ወርጄ ግን አላውቅም። ሙቅ ውሃው ውስጥ ገብቼ ትከሻዬ ቀስ በቀስ ሲላላ ከስንት ጊዜ ጀምሮ ተሸክሜው እንደ ኖርሁ ገረመኝ። ስለ ከተማችን አመሠራረት የተማርሁት ታሪክም ያኔ ትርጉሙ ተለወጠልኝ። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ እየወረዱ በዚህ ፍል ውሃ ይታጠቡ ነበር፤ ቦታውን ወደዱት፣ ቤት ተሠራበት፣ በ1879 ዓ.ም. ከተማዋ ተቆረቆረች፣ አዲስ አበባ ተባለች። ዛሬ ሁላችንም የምንጣደፍባት ይህች ከተማ የተተከለችው ሰዎች ሰውነታቸውን ሊያሳርፉ በሚወርዱበት ስፍራ አጠገብ ነው። ከዚያ ወጥቼ በብሔራዊ ቴአትር በኩል እስከ ለገሃር ቀስ ብዬ ተራመድሁ፤ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ፊት ቆሜም ያለ ምንም ጉዳይ አላፊ አግዳሚውን አየሁ።

በዕረፍት ላይ የተደረጉ ጥናቶች አንድ የሚያሳዝን ነገር ይናገራሉ፤ ከረጅም ፈቃድ የሚገኘው ብርታት ወደ ሥራ ከተመለሱ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይደበዝዛል። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ ማረፍ አይበቃም፤ ሳምንታዊው ዕረፍትም መጠበቅ አለበት። አባቶቻችን ይህን ጉዳይ ቀላል አላደረጉትም፤ የቀዳሚት ሰንበት መከበር በ15ኛው መቶ ዘመን ገዳማትን ለያይቶ፣ በመጨረሻ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቅዳሜም ከእሑድ ጋር እንዲከበር ወስኗል። ክርክራቸው ስለ እምነት እንጂ ስለ ድካም እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ቢሆንም የማረፊያ ቀን ጉባኤ የሚጠራለት ቁም ነገር የነበረበት አገር ልጆች ነን።

ከቢሯችን በር ላይ ጫማ የሚጠርገው ሊስትሮ አዋጁ አይደርስለትም፤ አንድ ቀን ካረፈ የዚያን ቀን እንጀራ ያጣል። ይህን ሳስብ የራሴን 20 ቀን ሳልጠቀምበት መጣሌ ይበልጥ ያሳፍረኛል፤ የእርሱ ዓይነት ሠራተኛ የሚያርፍበት መንገድ እንዲገኝም ከልቤ እመኛለሁ።

የቀሩኝን 8 ቀናት ከጥምቀት በኋላ ለመውሰድ ባለፈው ሳምንት ቅጹን ሞልቻለሁ፤ ምክንያቱንም እንደ በፊቱ «ለዕረፍት» ብያለሁ። አለቃዬ አንብበው ማን እንደሚተካኝ ብቻ ጠየቁኝ፤ የባልደረባዬን ስም ስነግራቸውም ፈረሙ።