«በሩን ዘጋኸው?»፦ የሦስተኛው ወር ማስታወሻ

እየሠራሁት ያለው አስፈሪ የኮምፒውተር ጨዋታ አሁን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 7 ደቂቃ ይፈጃል። መብራት በጠፋበት ማታ አንድ ልጅ የግቢውን በር ሊቀረቅር ይወጣል፤ ይመለሳል።

ባለፈው ወር ጭራቅ ነበረው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጥርሱንና ጥፍሩን ስሠራ ከረምሁ። እህቴ መጀመሪያ ስታየው ደነገጠች፤ ሁለተኛ ጊዜ ግን ጠጋ ብላ ፊቱን መረመረችው። በዚያው ዕለት አጠፋሁት። እኔ ደሴ ውስጥ ሳድግ ማታ ወደ ሽንት ቤት ስወጣ የሚያስፈራኝ ገመድ ላይ ተረስታ ያደረች ነጠላ ነበረች።

ስለዚህ ነጠላዋን ሠራኋት። መንገዱን ያሳየኝ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የጃፓኑ ጨዋታ «ኤግዚት 8» ነው። ተጫዋቹ በአንድ የምድር ውስጥ መተላለፊያ ደጋግሞ ይሄዳል፤ የተለወጠ ነገር ካየ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ካላየ ይቀጥላል። የእኔም ልጅ ሦስት ጊዜ ይወጣል። መጀመሪያ ነጠላዋ መሐል ላይ ናት፤ ቀጥሎ ወደ በሩ ተጠግታለች፤ በሦስተኛው ገመዱ ባዶ ነው።

ኮምፒውተሬ አሮጌ ስለሆነ ሰፊ ግቢ ማሳየት ይከብደዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው አስፈሪ ጨዋታ «ሳይለንት ሂል» የፕሌይስቴሽንን የአቅም ውስንነት የሸፈነው በጉም ነው። ጉም ደግሞ እኛ መቼ አጣን! ክረምት ላይ ከጦሳ ተራራ እየወረደ የጎረቤትን ጣራ ሲውጥ እያየን ነው ያደግነው። ጨዋታውን በምሠራበት ፕሮግራም፣ በጎዶት፣ መጀመሪያ ጉሙን ነጭ አደረግሁት፤ የቀን ጉም ሆነብኝ። ወደ ጥቁር ያደላ ግራጫ ሳደርገው ግቢያችንን መሰለ።

ከሁሉም የደከምሁበት ድምፁ ነው። እናቴ «ልጄ፣ በሩን ዘጋኸው?» ስትል በስልኬ ቀዳኋት። ጎዶት ውስጥ ድምፅን አንድ ቦታ ላይ መትከል ይቻላል፤ ሲርቁት ይደክማል፤ ፊት ሲያዞሩ ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው ያልፋል። ሁለት ጊዜ ከቤት ውስጥ ትጠራዋለች። በሦስተኛው ድምፅዋን ከበሩ ውጭ ተከልሁት፤ ልጁ መቀርቀሪያውን እንደያዘ ይሰማዋል። ጓደኛዬ እዚህ ሲደርስ ማውሱን ለቆ የክፍሌን በር ዞሮ አየ።

ያልተሳካልኝ ዝናቡ ነው። ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ በስልክ ስቀዳው ሽንኩርት የሚጠበስ ይመስላል። በዚህ ሳምንት ስልኩን በፎጣ ጠቅልዬ ኮርኒስ ላይ አስቀምጬ እሞክራለሁ። ከእናንተ መሐል ጥሩ አድርጎ የቀዳ ካለ፣ ስልኩን የት እንዳስቀመጠው ይንገረኝ።